አርባ አንደኛዋ ብልቃጥ

መነንን የምናውቃት ሁሉ «ሺህ ቆጣሪዋ» እንላታለን። በጀርባዋ ነው ታዲያ። ፊት ለፊት ያልኳት እኔ ብቻ ነኝ፣ እሱንም አንድ ቀን፣ ያን ቀንም አፌ በተያዘ ኖሮ እላለሁ።

ፈንቴ እባላለሁ። መተማ ካለ አንድ ሕክምና ቤት ካርድ ክፍል ተቀምጬ ነው ያረጀሁት። የቤቱን ስም አልጠራም፤ የምነግራችሁ የሰው ነገር እንጂ የቤት ነገር አይደለም። ቁጡ ናት ይሉኛል። ነኝ። በመስከረም ሁለት መቶ የቀን ሠራተኛ በአንዲት መስኮት አንገቱን እያሰገገ «እኔን አስቀድሚኝ» የሚላት ሴት ሌላ ምን ልትሆን ነው?

መነን የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። እዚሁ ድንበሩ ላይ ተወልዳ፣ ዓረብኛውን ከገበያ ለቅማ ያደገች የቆላ ልጅ። ጎንደር ተምራ በዘጠና ስምንት ተመለሰች፤ ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ቀጭን፣ እንደ ሱዳን ሴቶች ቶብ መልበስ የምትወድ፣ ሳቋን በመዳፏ የምትሸፍን። ሥራዋ በአብዛኛው ካላዛር ነበር። ይህ በሽታ ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የሚወርደውን ሰው ይወዳል። በትንሽ ዝንብ ንክሻ ይገባል፣ ጣፊያን ያሳብጣል፣ ሥጋን ይመጥጣል። ካልታከመ ይገድላል። ከታከመ ግን ብዙው ይድናል፤ ይህቺን ልብ በሉልኝ።

ምርመራው እንዲህ ነው። ሐኪሙ ብሽሽት ላይ ካለ ንፍፊት በመርፌ ጥቂት ይቀዳል። መነን ያንን መስተዋት ላይ ቀብታ፣ ቀለም አልብሳ፣ በማይክሮስኮፕ ታየዋለች። በማይክሮስኮፑ የሚታየውን ክብ ብርሃን «ሜዳ» ይሉታል። መስተዋቱን በትንሽ በትንሹ እየገፉ ከሜዳ ወደ ሜዳ ይሄዳሉ። ተባዩ አንዴ ከታየ «አለ» ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ «የለም» ለማለት ግን ሺህ ሜዳ መታየት አለበት። ደንቡ ይህ ነው። በአጨዳ ወራት ግን ደንቡን የሚጠብቅ አልነበረም። ከመነን በፊት የነበሩትም መቶ ሜዳ አይተው «የለም» እያሉ ያሰናብቱ ነበር። ሰልፉ አያልቅማ።

አስማረ የመጣው በዘጠና ዘጠኝ ጥቅምት ነው። ከጎጃም፣ ከሰከላ የወረደ የሃያ ስድስት ዓመት ሰው፤ ካርዱን የጻፍኩለት እኔ ነኝ። ሆዱን በነጠላው ጠፍሮ አስሮታል። ትኩሳቱ ሦስት ሳምንት አልለቀው ሲል የእርሻው ወኪል ከሌሎች በሽተኞች ጋር በጭነት መኪና አምጥቶ አራገፈው። ሰሊጥ ቀኑ ካለፈ ፍሬውን መሬት ላይ ይዘረግፋል፤ ወኪሉ ስለቸኮለ መኪናው ግቢያችን ውስጥ ሞተሩን ሳያጠፋ ነው የሚጠብቅ። የሌሎቹ ውጤት ደርሶ የአስማረ ብቻ ቀረ። ጥሩምባው ጆሮዬን ቢበጥሰኝ ሄጄ የላቦራቶሪውን በር ደበደብኩ። ይህን አልደብቅም፣ የደበደብኩት እኔ ነኝ። አስማረ ከመነን ኋላ ቆሟል። «እኅቴ፣ መኪናው ጥሎኝ ሊሄድ ነው፤ ከሌለብኝ የለብህም በይኝና ልሂድ» አላት። መነን መቶ ሜዳ አይታ ነበር፣ ምንም አላገኘችም። ሰውየው አሳዘናት። «የለም» ብላ ጻፈችለት። «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ሆዱን በሁለት እጁ ደግፎ ወደ መኪናው ሮጠ።

ወር አልሞላም፣ ከዚያው እርሻ ሌላ ሠራተኛ ወባ ታሞ መጣ። ካርዱን ስጽፍለት «ያ አስማረ እኮ አረፈ» አለኝ። እርሻው ዳር ቀብረውታል። ወባ ነው ብለዋል፤ እዚህ አገር ያልታወቀ ሞት ሁሉ ወባ ነው የሚባለው። እኔም ለመነን እንደ ወሬ ነገርኳት። በእጇ የያዘችውን አስቀመጠችና ስንት ቀኑ ነው ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። መስተዋቱ እንደሆነ ያኔውኑ ታጥቦ ለሌላ ሰው ውሏል፤ ተመልሶ የሚታይ ነገር የለም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ነው ሺህ መቁጠር የጀመረችው። ሰልፉ ቢረዝም፣ ወኪል ቢሳደብ፣ አለቃ ቢያስጠነቅቃት፣ ሺህ ሳይሞላ ከማይክሮስኮፑ ቀና አትልም። ምርር ብሎኝ ነበር፤ በእሷ ምክንያት የሚሰደበው ካርድ ክፍሉ ነዋ። ቆይቼ ግን አንድ ነገር አየሁ። መቶኛው ሜዳ ላይ ስትደርስ እጇ ይቆማል። ጀርባዋ ቀጥ ይላል። ከዚያ ማንም ሳይናገራት «ቆይ፣ አልጨረስኩም» ትላለች። በር ላይ ቆሜ በጆሮዬ ሰምቻታለሁ። አንዴ ሁለቴ አይደለም።

ከወንበሯ ኋላ አንዲት በርጩማ ታስቀምጥ ነበር፣ ሁልጊዜ ባዶ። አንድ ቀን ሙቀቱ ቢያዞረኝ ገብቼ ዘፍ አልኩባትና «በይ ሺህ ቆጣሪዋ፣ እስኪሞላልሽ እኔም ልረፍ» አልኳት። ዞር ብላ ስታየኝ ፊቷ አመድ መሰለ። ተነሺ አለችኝ። ማን ሊቀመጥበት ነው ብዬ ብቀልድ፣ «መቆም አይችልም፣ ሆዱን ያመዋል» አለችኝ። ኧረ በሥላሴ፣ እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም።

ያን ዕለት ሁሉንም አወራችኝ። አስማረ መቶኛው ሜዳ ላይ ሁልጊዜ እንደሚመጣ፣ ትንፋሹ ማጅራቷን እንደሚያሞቃት፣ አንድም ቀን ቃል እንዳልተናገራት። ቢናገርማ ደግ ነበር አለችኝ። እኔ መቼም ምክር አያልቅብኝ፣ ጠበል ሂጂ፣ ዕረፍት ውሰጂ፣ ባል አግቢ ብዬ ቀባጠርኩ። ጠበሉን ሄደች። እሱ ግን አልቀረም። የቀን ሠራተኛው ከመኪና በሚወርድበት ሰሞን ሸሕዲ ከተማ አብረን ለገበያ ሄደን፣ የአንዱን ጀርባ አይታ ሰው መሃል ሮጠች። ትከሻውን ይዛ ስታዞረው የማታውቀው ሰው ነው። ሰውየው የሚቀጥረው ያገኘ መስሎት ፈገግ አለላት። እሷ እጇን ከትከሻው ላይ ማንሳት አቅቷት፣ እኔ ነኝ ያላቀቅኳት።

የማቀዝቀዣው ነገርም ነበር። በዚያ ዘመን ጥናት እናደርጋለን ያሉ ሰዎች መጥተው፣ ካላዛር ከተጠረጠረበት ሰው ሁሉ ደም ሲረጋ ከላይ የሚንሳፈፈውን ቢጫ ውሃ በትንንሽ ብልቃጥ እያደረገች በማቀዝቀዣ እንድታኖር አዘዟት። ሰዎቹ ሄዱ፣ በዚያው ቀሩ። መነን ግን አልተወችውም። መብራት በጠፋ ቁጥር ጄኔሬተር አስነሱልኝ ብላ ትለማመጣለች፤ ነዳጅ ካለቀ ከድንበሩ ማዶ፣ ከገላባት በረዶ ታስመጣለች። አራስ ልጅ እንኳ እንዲህ አይጠበቅም እያልን ስቀናል። እኔ የገባኝ በርጩማው ላይ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው፤ አስማረ እዚያ ውስጥ ነበር።

ልትጠይቁኝ እንደምትችሉ አውቃለሁ። በኋላ እኮ ፈጣን መመርመሪያ መጣ፤ ያን ውሃ ጠብ ቢያደርጉበት በደቂቃዎች ይናገራል። እኔም ጠይቄያታለሁ፣ ለምን አትሞክሪውም ብዬ።  ሦስት ጊዜ ብልቃጧን አውጥታ ሦስት ጊዜ መልሳታለች። እኔ ገድዬው ይሁን፣ ወይስ ወባ ገድሎት በከንቱ ስሰቃይ ኖሬ ይሁን፣ ሁለቱንም ማወቅ ፈራሁ አለችኝ። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ኖረች።

እንግዲህ ተማሪዎቹ የመጡት በሁለት ሺህ አሥር ኅዳር ነው። ሁለት ቡድን ናቸው፤ አንዱ ከጎንደር፣ አንዱ ከካርቱም። ሲንተቲክ ባዮሎጂ የሚባል ትምህርት ነው የያዛቸው፤ የተማሪዎች ውድድር ሊገቡበት ነው። ስሙን አፌ እስኪለምደው ሳምንት ፈጀብኝ። መነን ስታስረዳኝ፣ ባክቴሪያ በውስጡ የተጻፈ መመሪያ አለው፤ እነዚህ ልጆች ከመመሪያው ላይ ቆርጠው፣ የራሳቸውን ጨምረው፣ የፈለጉትን ነገር እንዲሠራላቸው ያዙታል አለችኝ። ታድለው፣ እኔ የጽዳት ሠራተኛ እንኳ አልታዘዝ ብላኛለች አልኳት።

የሚሠሩት የካላዛር መመርመሪያ ወረቀት ነበር፣ ርካሽ፣ ማቀዝቀዣ የማይፈልግ፣ እርሻው ድረስ በኪስ የሚሄድ። ጎንደሮቹ የበሽተኛውን ደም ለይቶ የሚይዘውን ፕሮቲን ባክቴሪያቸው እንዲሠራ አድርገዋል። ካርቱሞቹ ደግሞ የተያዘውን ሰማያዊ ቀለም አድርጎ የሚያሳየውን ጠብታ ሠርተዋል። የአንዱ ያለ ሌላው ምንም አይደለም፤ የጎንደሮቹ ወረቀት ያለ ካርቱሞቹ ጠብታ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ጠብታውም ያለ ወረቀቱ የሚይዘው የለውም። ዓመት ሙሉ በስልክ ብቻ ተገናኝተው ነው የሠሩት። ድንበሩ ድልድይ ላይ ፊት ለፊት ሲተያዩ ተቃቅፈው መንገድ ዘጉ፤ ፖሊስ ነው ያላቀቃቸው። የጎንደሮቹ አለቃ ሠላማዊት ናት፣ አፏ የማያርፍ ልጅ። የካርቱሞቹ ረቢዓ ናት፣ ዓይኗ የማይሸወድ፣ ሕግ ካለች ሕግ ነው።

ሕጉንም ያወጣችው ረቢዓ ናት። ከመነን ማቀዝቀዣ ስድሳ ብልቃጥ ይወጣል፤ ሠላሳው ካላዛር ያለበት፣ ሠላሳው የሌለበት። ብልቃጡ ላይ ቁጥር እንጂ ስም አይጻፍም። እያንዳንዱ ለሁለት ይከፈልና ጎንደሮቹ እኛ ቤት፣ ካርቱሞቹ ማዶ ገላባት ይመረምራሉ። ውጤታቸውን አሽገው ያስቀምጣሉ እንጂ አይነጋገሩም። የትኛው ቁጥር ምን እንደሆነ የሚናገረው ዝርዝር መነን እጅ ብቻ ይሆናል። ፈቃዱ ከላይ መጥቷል፣ መምህራቸውም ተስማምቷል።

ዝርዝሩን ስታዘጋጅ የድሮውን መዝገብ ያነበብኩላት እኔ ነኝ። አርባ ላይ ደርሳ አርባ አንድ ብላ የጻፈችውን ሳይ የአስማረ መሆኑን አወቅኩ። «የለም» ከተባሉት መሃል ናት። ይቺን ምን ብለሽ አስገባሽ አልኳት።

«የለም ብዬ ጽፌ የለ?» አለችኝ። ቀጥላም፣ «እነሱ እሱንም እኔንም አያውቁን፣ እትዬ። የሚያዝንልኝ በሌለበት ይንገሩኝ።»

ሥራው ስምንት ቀን ፈጀ። በእነዚያ ስምንት ቀናት አስማረ አልመጣም። መቶኛው ሜዳ ላይ ትቆማለች፣ ትጠብቃለች፣ ማጅራቷ ላይ ምንም የለም። ተመስገን በይ ብላት ጭራሽ ባሰባት። እነሱ ጋ ሄዷል አለችኝ። ልጆቹ ወደሚሠሩበት ክፍል በር እየሄደች ትቆም ነበር፣ ሳታንኳኳ። እንጀራ ስትቆርስ እጇ ከአፏ ሳይደርስ ይቀራል። ፈራሁላት፣ እውነቴን ነው የምላችሁ።

በዘጠነኛው ቀን ረፋድ ላይ በስብሰባ አዳራሻችን ተሰበሰቡ። ካርቱሞቹ ለቀኑ ፈቃድ አግኝተው ተሻግረዋል። እኔም ምን አገባኝ ሳልል ገብቼ ከኋላ ተቀመጥኩ። ፖስታዎቹ ተከፈቱ። ሠላማዊት የራሷን፣ ረቢዓ የራሷን፣ መነን ዝርዝሩን ይዘው ቁጥር በቁጥር ማንበብ ጀመሩ። አንድ፣ ሰማያዊ፣ ሰማያዊ፣ አለ። ሁለት፣ ነጭ፣ ነጭ፣ የለም። እንዲህ እያሉ ሲሄዱ አንድም አልተሳሳተም፤ ልጆቹ ወንበራቸው ላይ መቀመጥ አቃታቸው።

አርባ አንድ ላይ ሠላማዊት «ሰማያዊ» አለች። ረቢዓ «ሰማያዊ» አለች። መነን ዝርዝሩን በጣቷ ተከትላ አየች። ከዚያ «የለም» ብላ አነበበች። ድምፅዋ አልተለወጠም፤ ወረቀቱን የያዘው እጇ ነው ጭኗ ላይ የወደቀው። እስከ ስድሳ ሲነበብ ሌላ ስህተት አልተገኘም።

መምህሩ ደስ ብሎታል። ከስድሳ አንድ መሳት ለተማሪ ክብር ነው፣ ስህተት ብለን ጽፈን እንለፍ አለ። ልጆቹ ግን ያቺ አንዷ አንገበገበቻቸው፤ ከአንዳቸው ሥራ የመጣች መሰላቸዋ። ሠላማዊት የእናንተ ጠብታ ያለ ምክንያት ቀለም ያወጣል ማለት ነው አለች። ረቢዓ የለም፣ የእናንተ ፕሮቲን አልጠራም አለች። አንዱ ቃል ሌላውን ሳበ። ከዓመት በፊት የተላላኩትን ሁሉ አወጡት፣ ማን እንደዘገየ፣ ማን እንደደበቀ። በመጨረሻ ረቢዓ ወረቀቷን ሰብስባ፣ እንግዲያው ጠብታችንን ይዘን እንሄዳለን፣ ሌላ እንፈልጋለን አለችና ተነሳች። ዓመት የለፉበት ነገር በሩብ ሰዓት ሊፈርስ ሆነ።

መምህሩ ግራ ገብቶት ወደ መነን ዞረ። ዝርዝሩ እርግጠኛ ነው ወይ ብሎ ጠየቃት።

እርግጠኛ ነው ብትል ያልቅ ነበር። ማንም አያውቅባትም። እኔ ከኋላ ሆኜ ዓይኗን እያየሁ ነበር፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ዝም እንድትል ፈልጌያለሁ። እንጀራዋ ነው፣ ስሟ ነው፣ ሕግም አለ። የእኔም እጅ አለበት። ዝም በይ፣ ዝም በይ እያልኩ በልቤ ስለምን ነበር።

«ስህተቱ የእናንተ አይደለም። የእኔ ነው» አለች መነን።

ተነስታ ነገረቻቸው። መጀመሪያ በአማርኛ፣ ከዚያ ለካርቱሞቹ ራሷ በዓረብኛ። ሺህ ሜዳ ማየት እንደነበረባት፣ መቶ አይታ እንደጻፈች፣ ሰውየው ወደ እርሻው ተመልሶ በወሩ እንደሞተ።  ከዚያ ወደ ላቦራቶሪ ሄዳ የቀረውን የአርባ አንደኛዋን ብልቃጥ ውሃና አገር የሚያውቀውን ፈጣን መመርመሪያ ይዛ ተመለሰች። ሁላችንም ፊት ጠብ አደረገችበት።  አሥር ደቂቃ ቆመን ጠበቅን። ሁለት ቀይ መስመር ወጣ። ካላዛር ነበር።

ሠላማዊት ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። ረቢዓ በሩ ጋ እንደቆመች ስሙ ማን ነው አለች። አስማረ አለቻት መነን። ረቢዓ በቋንቋዋ አላህ ይማረው ብላ ተመልሳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፤ ወረቀቶቿንም ጠረጴዛው ላይ መልሳ ዘረጋች። ሁለቱ ቡድኖች ጽሑፋቸውን አንድ ላይ ጨረሱ። ውድድሩ ላይ ምን እንዳገኙ አልጠየቅኩም። መነን ስህተቴ ከነስሜ ይጻፍ ብትል መምህሩ እምቢ አላት፤ እሷ ግን ለአለቃችን ራሷ ደብዳቤ ጻፈች። አለቃችን ማስጠንቀቂያ ሰጣት፣ ከሥራ አላስወጣትም። ያስወጣኛል ብላ ዕቃዋን ጠቅልላ ነበር።

እኔ አለቀ፣ ተገላገለች ብዬ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት መስኮቴ ላይ መጥታ ቆመች። ካርዱን ስጭኝ አለች። የቱን አላልኳትም። ለቤተሰቡ ማን ነገራቸው ብላ ጠየቀችኝ፤ ማንም አልነገራቸውም ይሆናል አልኩ። ቆላ ወርዶ የቀረ ሰው ብዙ ነው። ጓደኞቹም ከሌላ አገር የመጡ ነበሩ፣ አገሩን የሚያውቅ አልነበረም። ካርዱን ከአቧራ ውስጥ ቆፍሬ አወጣሁት፤ ሰከላ፣ ቀበሌው፣ የራሱና የአባቱ ስም በእኔ ጽሕፈት ሰፍሮበታል። ብቻሽን አትሄጂም አልኳት።

በጎንደር፣ በባሕር ዳር አድርገን ሰከላ ገባን። መርዶ ወግ አለው፤ ሳይነጋ፣ በሽማግሌ አፍ ነው የሚነገረው። ይህን በመንገድ ሁሉ ስነግራት ነው የሄድኩት። ሽማግሌ አግኝተን ለማግሥቱ ተስማማን። የአስማረ ሚስት ታንጉት እንደምትባል፣ ሲሄድ የአንድ ዓመት ልጅ ትቶላት እንደነበር የነገሩን እሳቸው ናቸው። ሱዳን ገብቶ ሌላ አገባ የሚል ወሬ መጥቶላት፣ ስሙ በቤቷ እንዳይጠራ ከልክላለች አሉን።

የገጠር ወሬ ግን ሌሊቱን አይጠብቅም። ከድንበር የመጣች ሴት የአስማረን ቤት ትጠይቃለች የሚለው ቀድሞን ደርሷል። ገና ከሽማግሌው ደጅ ሳንነሳ ታንጉት ራሷ መጣች። ከኋላዋ አንዲት ልጅ ተከትላታለች፣ ሃይማኖት የምትባል፣ የአስማረ ልጅ። ታንጉት እኔን አላየችኝም። መነን ፊት ቆማ ቶቧን ከላይ እስከ ታች አየችው። ባሕር ዳር ላይ ልብስ ቀይሪ ብያት አልሰማችኝም ነበር።

«አንቺ ነሽ?» አለቻት። መነን አልገባትም። «እሱን ያስቀረሽብኝ አንቺ ነሽ ወይ?»

ሽማግሌው ሊገቡ ሲሉ መነን በእጇ ከለከለቻቸው። «እኔ ነኝ» አለች። «ግን አላገባኝም። ሞቷል። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ጥቅምት ታሞ እኔ ጋ መጣ። በሽታውን ማየት የነበረብኝ እኔ ነኝ። በወጉ ሳላይ የለብህም ብዬ ሰደድኩት። በወሩ ሞተ።»

ታንጉት ወደ መነን አንድ እርምጃ ተጠጋች። «ብታዪው ይድን ነበር?»

ምን አለ ብትዋሽ አልኩ በሆዴ። ማን ያውቃል ብትል፣ የእግዜር ፈቃድ ነው ብትል። መነን ግን ቀና ብላ ዓይኗን እያየች «ይድን ነበር» አለቻት።

እኔ ድንጋይ ስታነሳ ለመያዝ ተዘጋጅቼ ነበር። ታንጉት እጇ ሁለት ጎኗ ላይ እንደወረደ ቀረ።

«ስረግመው ነው የኖርኩ» አለች። «አሥራ አንድ ዓመት፣ ስተኛም ስነሳም። ያለኝን ቁጣ እሱ ላይ ጨርሼዋለሁ። ለአንቺ ከየት ላምጣ?»

ከዚያ ወደ ልጅቱ ዞረች። አባትሽ አልተወንም አለቻት። ነጠላዋን ከራሷ አውርዳ ወገቧ ላይ አሰረችና መሬት ላይ ወደቀች። አስማረ፣ ይቅር በለኝ ትላለች። ክፉ ስምህን ያነሳሁ፣ ልጅህን ያስጠላሁብህ እኔ፣ ይቅር በለኝ። ሰዉ ለቅሶውን ሰምቶ ከየቤቱ መውጣት ጀመረ። መነን አጠገቧ ተንበርክካ እሷም ይቅር በለኝ ትላለች፣ ያንኑ ስም እየጠራች፣ ያንኑ ቃል፣ ትከሻዋ የታንጉትን ትከሻ እየነካ። በሩን የደበደብኩት እኔም ያንኑ ልል አፌን ከፈትኩ። ድምፅ አልወጣልኝም።